የካሳቫን አረንጓዴ ማይት በአዳኝ ማይት መቆጣጠር

በድርቅ በተጠቁ አካባቢዎችም ሆነ በአዳዲስ የሠፈራ ቦታዎች የሚካሄደው የማቋቋም ሥራ በእህል ዕርዳታ ብቻ የሚፈጸም አለመሆኑ ይታወቃል። የተቸገረው ገበሬ ራሱን ችሎ እንዲቆም ዝናብ ሲያጥር የማይከዳው ሰብል በማሳው ሊኖረው ይገባል። ለዚህ ዓላማ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተመራጭ ሆኖ ከቆየው ሰብል አንዱ ካሳቫ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድርቅን የሚቋቋም ሰብል በድርቅ ወራት የሚበረታ ጥቃቅን ጠላት አለው። ጠላቱ ምን እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ዘዴ እንደተገታና የዕርዳታና የሠፈራ ሠራተኞች በዚህ ረገድ ምን ማድረግና ምን አለማድረግ እንደሚገባቸው ከዚህ ቀጥሎ ይብራራል።

ካሳቫ የክፉ ቀን ስንቅ

ካሳቫ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ወደ አፍሪካ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በፖርቱጋል ነጋዴዎች አማካይነት ነው። በለምነቱ በተጎዳ መሬት ላይ ሳይቀር ያፈራል፤ ዝናብ ሲቋረጥ ቅጠሉን አራግፎ ይቆይና ዝናቡ ሲመለስ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሥሩ እንደ ጥራጥሬ እህል በአንድ ሳምንት ተሰብስቦ የሚያልቅ ሳይሆን ከደረሰ በኋላ ለወራት በመሬት ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ባለቤቱ በሚያስፈልገው ጊዜና መጠን እየቆፈረ ይጠቀምበታል። ቅጠሉም በመካከለኛውና በምሥራቅ አፍሪካ እንደ ጎመን እየተቀቀለ ይበላል።

በኢትዮጵያም አንዳንዶች የእንጨት ቦዬ የሚሉት ይህ ተክል በወላይታ፣ በጋሞና በጎፋ አካባቢዎች ይመረታል። በተለይ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ ለምግብነት የሚውልበት ሁኔታ እየሰፋ መጥቷል። የበቆሎው አገዳ ደርቆ በቀረበት ዓመት የካሳቫ ማሳ ያለው ቤተሰብ የሚላስ የሚቀመስ አያጣም፤ ስለዚህም ካሳቫ በመልሶ ማቋቋም ዕቅዶች ውስጥ ተደጋግሞ ይነሣል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ነገር አለ። መራራው የካሳቫ ዓይነት በውስጡ መርዛማ ሲያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው ሥሩ ተልጦ፣ ተዘፍዝፎና ደርቆ ካልተዘጋጀ ጉዳት ያደርሳል። ተክሉ በውኃ እጥረት ሲጨነቅ የመርዙ መጠን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1981 በሰሜን ሞዛምቢክ በደረሰው ድርቅ ሌላ ምግብ ያጡ ቤተሰቦች ሥሩ በበቂ ሁኔታ ሳይዘጋጅ ለመብላት በመገደዳቸው ከ1,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት፣ ኮንዞ በተባለው እግርን በሚያሽመደምድ በሽታ ተይዘዋል። ምርት ሲያንስ ሰው የመዘፍዘፊያውን ቀን ያሳጥራል። እንግዲህ የካሳቫን ምርት የሚቀንስ ማናቸውም ተባይ የቤተሰቡን ጎተራ ብቻ ሳይሆን ጤንነቱንም የሚነካ መሆኑን መገንዘብ ያሻል።

በአጋጣሚ የገባ ተባይ

ማይት ነፍሳት አይደለም። ከሸረሪትና ከመዥገር ወገን የሚመደብ፣ ሲያድግ ስምንት እግር ያለው፣ በዓይን ለማየት እጅግ የሚያስቸግር ፍጥረት ነው። ገበሬዎችና የግብርና ሠራተኞች በአትክልትና በአበባ ላይ የሚያውቁት ቀይ ሸረሪት የተባለው ተባይ የዚሁ ወገን ነው። የካሳቫው አረንጓዴ ማይት በሳይንሳዊ ስሙ ሞኖኒኬለስ ታናጆዋ ይባላል። ትልቁ እንስት ርዝመቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

ይህ ተባይ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 በኡጋንዳ ነው። እንደ ካሳቫው ሁሉ የመጣውም ከደቡብ አሜሪካ ነው። ከዚያ በኋላ በነፋስ እየተወሰደ፣ ከሁሉም ይበልጥ ግን ሰዎች ለተከላ በሚያጓጉዙት የካሳቫ ግንድ ላይ እየተሳፈረ፣ በ20 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አፍሪካ የሚገኘውን ካሳቫ አብቃይ ምድር አዳረሰ።

ተባዩ የሚቀመጠው በአብዛኛው በተክሉ ጫፍ ባሉት ለጋ ቅጠሎች የታችኛው ገጽ ላይ ነው። በመርፌ መሰል አፉ የቅጠሉን ሕዋሳት እየወጋ ፈሳሹን ይመጣል። በመጀመሪያ ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ቢጫ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ቀጥሎ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይኮማተራል፣ መጠኑም ያንሳል። ጥቃቱ ከበረታ የጫፉ ቅጠል በሙሉ ይረግፍና ግንዱ ራቁቱን እንደቀረ ጧፍ ቆሞ ይታያል። ቅጠል ያጣ ተክል ሥሩን የሚያወፍርበት ምግብ ማዘጋጀት አይችልም። የሚደርሰው የምርት ጉዳት እንደ ቦታውና እንደ ዝርያው ቢለያይም በጽኑ በተጠቁ ማሳዎች ከሦስተኛው እጅ እስከ ግማሽ ሊደርስ እንደሚችል ተመዝግቧል።

ማይቱ የሚራባው በሞቃትና ደረቅ ወራት ነው። በተስማሚ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዕድገት የሚወስድበት ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ በመሆኑ በአንድ በጋ ብዙ ትውልድ ያፈራል። ከባድ ዝናብ ሲጥል ብዙው ከቅጠሉ ላይ እየታጠበ ይወርዳል። ስለሆነም ዝናብ የዘገየበት ዓመት ለገበሬው የችግር፣ ለተባዩ ግን የመራቢያ ዘመን ነው።

መድኃኒት መርጨት ለምን መፍትሔ አልሆነም?

ተባይ በታየ ጊዜ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ፀረ ተባይ መድኃኒት መርጨትን ነው። በዚህ ተባይ ላይ ግን ርጭት የማይበጅባቸው ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ ካሳቫ በአብዛኛው የሚመረተው በድኻ ገበሬ ማሳ፣ ለቤት ፍጆታ ነው። የመርጫ መሣሪያውና የመድኃኒቱ ወጪ ከሚገኘው ትርፍ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ቅጠሉ ስለሚበላ መርዙ ከቤተሰቡ ድስት የሚገባበት መንገድ አጭር ነው። ሦስተኛና ዋናው፣ መድኃኒቱ ተባዩን ብቻ ሳይሆን ተባዩን የሚበሉትን ጠቃሚ ፍጥረታት ጭምር ይፈጃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲንና መሰሎቹን በስፋት የረጩ የአውሮፓና የአሜሪካ የፍራፍሬ አትክልተኞች ይህን በተግባር አይተውታል። ቀድሞ ብዙም ትኩረት ያልተሰጠው ቀይ ሸረሪት ጠላቶቹ ሲጠፉለት በድንገት የፍራፍሬ እርሻዎች ዋና ተባይ ሆኖ ተነሣ። ከዚህም በላይ ቀይ ሸረሪት በፍጥነት ስለሚራባ መድኃኒቱን የሚቋቋም ትውልድ ለማፍራት ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም።

ማይትን የሚያድን ማይት

ቅጠል የሚመጡ ማይቶች እንዳሉ ሁሉ እነርሱን እያደኑ የሚኖሩ ማይቶችም አሉ። በሳይንሳዊ አጠራር ፋይቶሰይድ ከሚባለው ቤተሰብ የሚመደቡት እነዚህ አዳኞች መጠናቸው ከታዳኞቻቸው ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን ሯጮች ናቸው። የተባዩን እንቁላል፣ ጫጩትና አዋቂ እየያዙ ፈሳሹን ይመጣሉ።

ከእነዚህ አዳኞች በዓለም ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ፋይቶሰዩለስ ፐርሲሚሊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ከቺሊ ወደ ጀርመን በተላኩ የኦርኪድ ተክሎች ላይ ተገኝቶ ከዚያ በኋላ በአውሮፓ የመስታወት ቤቶች ውስጥ ለኪያር፣ ለቲማቲምና ለአበባ መከላከያ እየተራባ ይሠራጭ ጀመር። ይህ አዳኝ በቀይ ሸረሪት ላይ ብቻ የሚኖር በመሆኑ ተባዩን በፍጥነት ይጨርሳል፤ ሲጨርስ ግን ራሱም በረሃብ ያልቃል፤ አየሩ እጅግ ሲደርቅም እንቁላሉ አይፈለፈልም። ስለዚህ በየጊዜው እየተገዛ እንደገና መለቀቅ አለበት። በኢትዮጵያም በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች በአዳኝ ማይቶች ተጠቅመዋል። ይህ አሠራር ገንዘብ ላለው የንግድ እርሻ የሚያዋጣ ሲሆን በሺህ ለሚቆጠሩ የተበታተኑ የካሳቫ ማሳዎች ግን አይሆንም። ለካሳቫ ገበሬ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ተለቅቆ በራሱ የሚራባ፣ በራሱ የሚሠራጭና ተባዩ ባነሰበት ወቅት ሳይጠፋ የሚቆይ አዳኝ ነበር።

የአሥር ዓመት ፍለጋ

ዋና ጽሕፈት ቤቱ በናይጄሪያ ኢባዳን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ምርምር ተቋም ይህን አዳኝ መፈለግ የጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ነው። የፍለጋው መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው። ተባዩ በትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ እንዲህ ያለ ጥፋት የማያደርሰው በዚያ የሚበሉት ጠላቶች ስላሉ ነው፤ ወደ አፍሪካ የተሻገረው ግን ጠላቶቹን ከኋላው ትቶ ነው። እንግዲያው ጠላቶቹን ተከታትሎ ማምጣት ይገባል።

በዚያው ዘመን ይኸው ተቋም የካሳቫ ሚሊበግ የተባለውን ሌላ ተባይ ከፓራጓይ በተገኘች ጥቃቅን ተርብ ለመግታት ይሠራ ነበር፤ ይህን ሥራ የመሩት ስዊዘርላንዳዊው ዶክተር ሃንስ ሄረን እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀብለዋል። የማይቱ ጉዳይ ግን ከዚያ ይበልጥ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ሆነ።

በመጀመሪያ ከኮሎምቢያ የተሰበሰቡ ልዩ ልዩ አዳኝ ማይቶች እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በአፍሪካ ተለቀቁ። አንዳቸውም ሥር ሰድደው አልቆዩም። ተባዩ ባነሰበት ወቅት የሚበሉት እያጡ፣ የአየሩም ሁኔታ ሳይስማማቸው እየቀረ ጠፉ። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ውድቀት የተማሩት አዳኙ ከየትም ይምጣ ማለት እንደማይቻል ነው። የአፍሪካ ካሳቫ የሚበዛው ረጅም በጋ ባለበት ምድር ስለሆነ አዳኙም መፈለግ ያለበት በተመሳሳይ የአየር ጠባይ ውስጥ ነው። ስለዚህም ፍለጋው ድርቅ ወደሚደጋገምበት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዞረ። በብራዚል የግብርና ምርምር ድርጅት ትብብር የተሰበሰቡት ማይቶች በኔዘርላንድ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ በኳራንቲን ተጣርተው ወደ ቤኒን ተላኩ።

እ.ኤ.አ. በ1989 በቤኒን ከተለቀቁት መካከል ቲፍሎድሮማለስ ማኒሆቲ የተባለው ሥር ሰደደ፤ አስፋፍቱ ግን አዝጋሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ቲፍሎድሮማለስ አሪፖ ግን ከተጠበቀው በላይ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፤ በተከታዮቹ ዓመታት ደግሞ ከዚያ በፈጠነ ሁኔታ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ተሻገረ። በኋላም ኬንያን፣ ኡጋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተቋቁሟል።

አሪፖ እንዴት ይሠራል?

የአሪፖ ምስጢር መኖሪያው ነው። ቀን ቀን ገና ባልተዘረጉት የካሳቫ ጫፍ ቅጠሎች እጥፋት ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል። እዚያ እርጥበት አለ፤ ፀሐይም አያገኘውም። ሲመሽ ወደ ታች ወደ ለጋ ቅጠሎቹ ወርዶ ያድናል፤ ሲነጋ ወደ ጫፉ ይመለሳል። ማደሪያው ተባዩ ከሚወደው ለጋ ቅጠል አጠገብ በመሆኑ ተባዩ ገና ሳይበዛ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ጠባዩ በአንድ ምግብ ላይ ብቻ አለመመካቱ ነው። አረንጓዴው ማይት ባነሰበት የዝናብ ወቅት የአበባ ብናኝና ከተክሉ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እየቀመሰ ይሰነብታል። ስለዚህ በጋው ተመልሶ ተባዩ መራባት ሲጀምር አዳኙ በቦታው ይጠብቀዋል። ፈጥኖ ከሚበላውና ፈጥኖ ከሚያልቀው ይልቅ ጥቂት እየበላ ዓመቱን ሙሉ የሚቆየው ለድኻ ገበሬ እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

አሪፖ በተቋቋመባቸው አካባቢዎች የተባዩ ብዛት በግማሽና ከዚያም በላይ ቀንሷል፤ በምዕራብ አፍሪካ በተደረጉ የማሳ ንጽጽሮችም የሥሩ ምርት በሦስተኛ እጅ ገደማ ብልጫ አሳይቷል። ገበሬው ለዚህ የከፈለው ገንዘብ የለም፤ የብዙዎቹ ማሳ አዳኙን ያገኘውም ባለቤቱ ሳያውቀው ነው።

ይህ ማለት ግን አዳኙ በሁሉም ቦታ እኩል ይሠራል ማለት አይደለም። ቀዝቃዛ በሆኑ ደጋማ አካባቢዎች ይደክማል። ጫፋቸው ጠጉራም የሆኑ የካሳቫ ዝርያዎች በሚገባ ሲያስጠጉት ልሙጥ ጫፍ ባላቸው ላይ ቁጥሩ ያንሳል። በጋው እጅግ ረዝሞ ተክሉ ጫፉን ጭምር ሲያደርቅ አዳኙም መጠለያ ያጣል። በመሆኑም አዳኝ ማይት ከዝርያ መረጣና ከመልካም የእርሻ አሠራር ጋር ተጣምሮ የሚሠራበት እንጂ ብቻውን ሁሉን የሚፈታ መድኃኒት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የዕርዳታና የሠፈራ ሠራተኞች ተግባር

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ለሠፈራና ለማቋቋም ሥራ የሚሰጠው ትምህርት ከሁሉ በፊት የተከላ ግንድን ዝውውር ይመለከታል። ሰዎች ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ፣ ዘርና ግንድም በጭነት መኪና አብሮ ይጓዛል። በችኮላ የተጫነ አንድ መኪና ግንድ ለአዲሱ ሠፈር ምግብ የሚሆነውን ሰብልና የሰብሉን አጥፊ በአንድነት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል።

1. ግንዱ የሚቆረጥበትን ማሳ አስቀድሞ መመርመር። የጫፍ ቅጠላቸው የተኮማተረ፣ የገረጣ ወይም የረገፈ ተክሎች ለተከላ ሊወሰዱ አይገባም። ከቅጠላቸው የጸዱ፣ የጠነከሩና የበሰሉ ግንዶች ብቻ ይመረጡ፤ ለምለም ጫፍ ከግንድ ጋር አብሮ እንዳይጫን ጥንቃቄ ይደረግ።

2. የተቆረጠውን ግንድ በሙቅ ውኃ ማጽዳት። እኩል መጠን ያለው የፈላና ቀዝቃዛ ውኃ ተቀላቅሎ ግንዱ ከመተከሉ በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቢነከር በላዩ ያሉት ተባዮች ይሞታሉ። ይህ ማንኛውም ሠፋሪ በበርሜልና በማገዶ ሊያከናውነው የሚችል ሥራ ነው።

3. ተከላውን ዝናብ እንደጀመረ ማከናወን። በጋ ሲገባ ጠንክሮ የሚጠብቅ ተክል ጥቃቱን ከአዲስ ተክል ይልቅ ይቋቋማል።

4. ከመወሰን በፊት መመልከት። የጫፉን ቅጠሎች ቀስ ብሎ ገልጦ በማጉያ መነጽር ማየት ይቻላል። ተባዩ አረንጓዴና ቀርፋፋ፣ እንቁላሉም ክብ ነው። አዳኙ ነጣ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ብርሃን ጠብታ ሞላላና ፈጣን ሲሆን እንቁላሉም ሞላላ ነው። የሚሯሯጠውን በስሕተት ተባይ ነው ብሎ መግደል የማሳውን ጠባቂ መግደል ነው።

5. በካሳቫ ማሳ ላይም ሆነ በአጠገቡ ባሉ ሰብሎች ላይ ያለ በቂ ምክንያት ፀረ ተባይ መድኃኒት አለመርጨት። በዕርዳታ ስም የሚላክ መድኃኒት በመጋዘን ስላለ ብቻ ለገበሬው መታደል የለበትም።

6. አዳኙን ማሸጋገር። አሪፖ በተቋቋመበት አገር ውስጥ አዳኙ ካለበት ማሳ ጥቂት የካሳቫ ጫፎችን በጠዋት ቆርጦ፣ በወረቀት ከረጢት በጥላ ሥር አጓጉዞ፣ በአዲሱ ማሳ ተክሎች ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። የተቆረጠው ጫፍ ሲጠወልግ አዳኙ ወደ ሕያው ተክል ይሻገራል። ይሁን እንጂ ከዚያው ጫፍ ጋር ተባይ ወይም የቅጠል በሽታ ሊጓዝ ስለሚችል ይህ በግብርና ባለሙያ ቁጥጥር መፈጸም አለበት። ከአገር ወደ አገር ማሻገር ግን የመንግሥት የዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ ሳይገኝ ፈጽሞ መሞከር የሌለበት ነው።

7. የአዘገጃጀት ትምህርት። ካሳቫ አዲስ በሆነበት ሠፈር ግንዱን ማደል ብቻውን በቂ አይደለም። መራራውን ዓይነት ስለ መላጥ፣ ስለ መዘፍዘፍና ስለ ማድረቅ፣ በተለይም በድርቅ ወራት የቀኑን ቁጥር ስላለማሳጠር፣ ለእናቶች የማብሰል ትምህርት ሊሰጥ ይገባል።

ማጠቃለያ

የካሳቫ አረንጓዴ ማይት ወደ አፍሪካ የገባው በሰው እጅ፣ ሳይታወቅ ነው። የተገታውም በሰው እጅ፣ ከአሥር ዓመት ፍለጋና ከብዙ ውድቀት በኋላ ነው። ማይቱን ለማስገባት የታመመ ግንድ በቂ ነበር፤ ለመግታት ግን የሦስት አህጉራት ተመራማሪዎች ድካም አስፈልጓል። ዛሬም አዲስ ማሳ በሚከፈትበት ስፍራ ሁሉ ይኸው ምርጫ በዕርዳታና በሠፈራ ሠራተኛው ፊት ይቀርባል። ግንዱን መርምሮ የጫነ፣ መርጫውን በመጋዘን የተወና በጫፍ ቅጠሉ ውስጥ የሚኖረውን ጠባቂ የለየ ሠራተኛ ለሠፋሪው ቤተሰብ ከአንድ ወር ስንቅ የሚበልጥ ነገር ትቶለት ይሄዳል፤ ይኸውም በቀጣዩ ድርቅ ቢቆፍረው ከመሬት ውስጥ የማያጣው ምግብ ነው።